አገጩ የሚከፈት የሞተር ሳይክል ሄልሜት በአደጋ ጊዜ
ለይፋት ቆላ የጤና ባለሙያዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ነገር ግን መንገደኛውን ከደጋ ብርድ አውጥቶ ቆላ ሙቀት ውስጥ ያስገባዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን አሊዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር በኩል የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከሸዋ ሰዎች ጋር የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር። ዛሬ በዚያው ቁልቁለትና ከታች በተንጣለለው የይፋት ቆላ፣ እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉት መንገዶች ላይ፣ ሞተር ሳይክል የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆኗል። ከነጂዎቹም መካከል የሙያ ባልደረቦቻችን ይገኙበታል፤ የክትባት መድኃኒት በቀዝቃዛ ሣጥን ጭነው ወደ ቀበሌ የሚወርዱ፣ የጤና ኬላዎችን ለመደገፍ የሚንቀሳቀሱ የወረዳ ባለሙያዎች ናቸው።

በደጋው ብርድ ሄልሜቱን ዘግቶ የተነሣ ነጂ ወደ ቆላው ሲቃረብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል፤ የሄልሜቱን የአገጭ ክፍል ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ፊቱን ለነፋስ ይሰጣል። ይህን የሚፈቅድለት በቅርብ ዓመታት በገበያ የበዛው አገጩ የሚከፈት ሄልሜት ነው። በዚህ ጽሑፍ ‹‹ተከፋች ሄልሜት›› እያልን እንጠራዋለን። የጽሑፉ ዓላማ ይህ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ መቼ እንደማይጠብቅ፣ እንዲሁም እንዲህ ዓይነት ሄልሜት ያደረገ ተጎጂ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ባለሙያው ምን ማድረግ እንዳለበት ማስረዳት ነው። ጉዳዩ ለጤና ባለሙያው በሁለት በኩል የሚመለከተው ነው፤ አንድም ተጎጂውን ይቀበላል፣ አንድም ራሱ ይነዳል።

የዕቃው አሠራር

የሄልሜት ሥራ በግጭት ጊዜ የጭንቅላትን አቋቋም ማዘግየት ነው። የውጭው ጠንካራ ቅርፊት ግፊቱን በሰፊ ቦታ ላይ ይበትናል፤ በውስጡ ያለው ነጭ ፎም እየተጨፈለቀ ጉልበቱን ይውጣል። ፎሙ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለሆነም ከባድ ምት የደረሰበት ሄልሜት ከውጭ ደኅና ቢመስልም አገልግሎቱ አብቅቷል።

በሙሉ ሄልሜት የአገጩ ክፍል ከቀረው ቅርፊት ጋር አንድ ወጥ ነው። ፊቱ ክፍት በሆነው ሄልሜት ደግሞ የአገጭ ክፍል ጨርሶ የለም። ተከፋች ሄልሜት በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ዓይነት ሄልሜት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሌሎች አምራቾችም ተከትለውታል፤ መነጽር ለሚያደርጉ ሰዎችና እየቆሙ ከሕዝብ ጋር መነጋገር ላለባቸው የትራፊክ ፖሊሶች ምቹ ሆኖ ተገኝቷል። የአገጩ ክፍል በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ማጠፊያዎች ላይ ይሽከረከራል፤ ሲዘጋ ዘወትር ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት መንጠቆዎች ይቆለፋል፤ ከአገጭ ሥር ባለ ቁልፍ ይከፈታል። እንግዲህ በሙሉ ሄልሜት አንድ አካል የነበረው ቅርፊት እዚህ በአራት ትናንሽ ነጥቦች ብቻ ተያይዞ ይቆማል። ጠቅላላው የደኅንነት ጥያቄም የሚያርፈው በእነዚህ ነጥቦች ላይ ነው። ማጠፊያውና መቆለፊያው ክብደት ስለሚጨምሩ ተከፋቹ ሄልሜት ተመጣጣኝ ደረጃ ካለው ሙሉ ሄልሜት ጥቂት መቶ ግራም ያህል ሊከብድ ይችላል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ

ሄልሜት ማድረግ እንደሚጠቅም ዛሬ የሚያከራክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሆኖም ያ ግምገማ ከሄልሜት ዓይነቶች የትኛው እንደሚበልጥ ለመወሰን በቂ ማስረጃ አላገኘም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታይዋን የወጣ ጥናት ግማሽ ራስ ብቻ የሚሸፍን ሄልሜት ያደረጉ ነጂዎች ሙሉ ሄልሜት ካደረጉት ይልቅ ለጭንቅላት ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሆነ ዘግቧል። በዚሁ ጥናት ማሰሪያውን ላላ አድርገው ያሰሩ ሰዎች ለአንጎል ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው አጥብቀው ካሰሩት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ሊተኮርበት ይገባል የሚል ነው። ሻጩም ገዢውም ስለ ቅርፊቱ ቀለምና ስለ መስታወቱ ጥራት ሲከራከሩ፣ ማሰሪያውን ግን ብዙ ጊዜ አያዩትም።

‹‹ሄልሜት ከባድ ስለሆነ አንገት ይሰብራል›› የሚለው አነጋገር በሞተረኞች ዘንድ የተለመደ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከጤና ባለሙያ አፍ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ከ40,000 በላይ የሞተር ሳይክል ተጎጂዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳይቷል፤ ሄልሜት ባደረጉት ላይ የአንገት አከርካሪ ጉዳት የመድረስ ዕድል በ22 በመቶ ያነሰ ነበር።

ወደ አገጭ ስንመለስ፣ ጀርመናዊው የአደጋ ተመራማሪ ዲትማር ኦተ በገሃድ የደረሱ አደጋዎችን መርምሮ ሄልሜት ላይ ካረፉት ምቶች መካከል ሲሶ ያህሉ በአገጭ አካባቢ ያረፉ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህም ማለት ፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት ያደረገ ሰው ከሚደርሱበት ምቶች ሲሶው ሊያርፍበት የሚችለውን ስፍራ ባዶ ትቶ ይሄዳል ማለት ነው። ተከፋቹን ሄልሜት ወደ ላይ ከፍቶ የሚነዳውም ከዚህ የተለየ ጥበቃ የለውም።

የፈተናው ደረጃና ምልክቶቹ

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የሄልሜት ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 22 ነው። በአምስተኛው ማሻሻያው መሠረት ሄልሜቱ የሰው ራስ አምሳያ ተደርጎበት በሴኮንድ 7.5 ሜትር ፍጥነት ከብረት ሰሌዳ ጋር ይጋጫል፤ የአገጩ ክፍል ደግሞ በሴኮንድ 5.5 ሜትር ይፈተናል። ይህ ሁለተኛው ፍጥነት ከ1.5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ነው፤ በሞተር ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው ራስም ከዚህ ብዙ በማይርቅ ከፍታ ላይ ይገኛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ወድቆ መንገዱ ላይ የሚንሸራተት ሰው ራሱ መሬቱን የሚመታበት ጉልበት በአብዛኛው የሚወሰነው በአወዳደቁ ከፍታ ነው። ፊት ለፊት ከጭነት መኪና ወይም ከመንገድ ዳር ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፤ ለዚያ ማንኛውም ሄልሜት ዋስትና አይሰጥም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ስድስተኛው ማሻሻያ ፍጥነቱን ከፍም ዝቅም አድርጎ የሚፈትን ሲሆን፣ በሰያፍ በሚደርስ ምት ጭንቅላት ምን ያህል እንደሚሽከረከርም ይለካል።

ለገዢው የሚጠቅመው ምልክቱን ማንበብ ነው። በማሰሪያው ላይ በተሰፋው ጨርቅ በክብ ውስጥ የላቲኑ ‹‹ኢ›› ፊደል ከአንድ ቁጥር ጋር ይታያል፤ ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል። ከሥሩ ያለው የፈቃድ ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል፤ ይህም ሄልሜቱ የተፈተነበትን ማሻሻያ የሚነግር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የላቲን ፊደል ለኛ ጉዳይ ዋናው ነው። ‹‹ፒ›› የሚል ከሆነ የአገጩ ክፍል ተፈትኖ ተከላካይነቱ ተረጋግጧል። ‹‹ጄ›› የሚል ከሆነ የተፈተነው እንደ ፊተ ክፍት ሄልሜት ብቻ ነው። ሁለቱም ፊደላት በአንድነት ካሉበት ሄልሜቱ ተዘግቶም ተከፍቶም ተፈትኗል ማለት ነው። ‹‹ኤን ፒ›› የሚለው ግን አታላይ ነው፤ የአገጭ ክፍል እያለው ያ ክፍል ከነፋስና ከአቧራ በቀር ከምት እንደማይከላከል ያስታውቃል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው የ‹‹ፒ›› እና የ‹‹ኤን ፒ›› ሄልሜት ልዩነት የለውም።

በአሜሪካ የሚሠራበት ‹‹ዶት›› የሚባለው ምልክት ከዚህ ይለያል። አምራቹ ራሱ ደረጃውን አሟልቻለሁ ብሎ የሚለጥፈው ሲሆን፣ ደረጃው የአገጭን ክፍል በምት አይፈትንም። ከኋላ የሚለጠፍ ወረቀት ስለሆነም በቀላሉ ተመሳስሎ ይሠራል። ስለዚህ ‹‹ዶት›› የሚል ምልክት ብቻ ያለው ተከፋች ሄልሜት ስለ አገጩ ጥንካሬ ምንም አልመሰከረም።

‹‹ፒ›› የተባለውም ቢሆን መቆለፊያው በሁሉም ሞዴል እኩል አይደለም። የብሪታንያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ‹‹ሻርፕ›› የተባለ የሄልሜት ምዘና ለእያንዳንዱ ሄልሜት ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ ለተከፋቾቹ ደግሞ ከፈተና ምቶቹ በስንት በመቶው የአገጩ ክፍል እንደተቆለፈ እንደቆየ ለይቶ ያትማል። በሁሉም ምቶች ተቆልፈው የቆዩ አሉ፤ በበርካታ ምቶች የተከፈቱም አሉ። የኮከቡ ብዛትና የመቆለፊያው ውጤት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በመጀመሪያው ምት የተከፈተ የአገጭ ክፍል ለሁለተኛው ምት አይገኝም፤ ከሞተር የወደቀ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ተመትቶ አይቀርም።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ግልጽ አስተያየት አለ። ደረጃውን የጠበቀ ማጠፊያና መቆለፊያ ገንዘብ ያስወጣል። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ ተከፋች ሄልሜት ቁጠባ የሚደረግበት በእነዚሁ ክፍሎች ላይ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ግዢ የሚፈጽም ባለሙያ በተመሳሳይ ዋጋ ሙሉ ሄልሜትና ተከፋች ሄልሜት ቢቀርብለት ሙሉውን ቢመርጥ ይሻላል።

የቆላው ሙቀት

የሸዋ ሮቢት አካባቢ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በዚህ ሙቀት የተዘጋ ሄልሜት ማድረግ እንደሚያስጨንቅ የታወቀ ነው፤ ነጂውን ‹‹ታገሥ›› ከማለት ይልቅ ችግሩን ተቀብሎ መፍትሔ መፈለግ ይሻላል። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ በአቧራ አለመደፈናቸውን ማየት፣ የውስጥ ጨርቁን አውጥቶ ማጠብ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ቅርፊት መምረጥ፣ ጉዞውን ማለዳ መጀመር ይቻላል። የአገጩን ክፍል መክፈት የሚገባው ሞተሩ ሲቆም ነው። ተጉዞም ቢሆን መስታወቱን ብቻ ጥቂት ከፍ ማድረግ የአገጩን ክፍል ከመክፈት በብዙ ይለያል፤ ቅርፊቱና መቆለፊያው በቦታቸው ይቆያሉና።

የአገጩን ክፍል ከፍቶ መንዳት ፊትን ከማጋለጡ ሌላ ተጨማሪ ጉዳት አለው። ግንባር ላይ ከፍ ብሎ የቆመው ክፍል ነፋስ ይይዛል፤ የሄልሜቱን ክብደት ወደ ላይና ወደ ፊት ይወስዳል፤ በመውደቅም ጊዜ ከራስ ቀድሞ መሬት ነክቶ አንገትን እንደ ማንሻ ሊጠመዝዝ ይችላል። ለሁለቱም አቋም ተፈትኖ ሁለቱም ፊደላት ያሉበት ሄልሜት ይህን ስጋት ይቀንሳል፤ አገጭን ግን አይሸፍንም።

አቧራም የራሱ ድርሻ አለው። በጠጠርና በአፈር መንገድ የሚነዳ ሰው የመንጠቆዎቹን ማረፊያ በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አለበት። ሲዘጋ በሁለቱም ወገን የመቆለፍ ድምፅ መሰማት አለበት፤ ከዚያም ቁልፉን ሳይነኩ የአገጩን ክፍል ወደ ላይ በኃይል ሳብ አድርጎ መሞከር ነው። በአንድ ወገን ብቻ የተቆለፈ ሄልሜት ለዓይን የተዘጋ ይመስላል። በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ ማጽዳት ቅርፊቱንና ፎሙን ስለሚጎዳ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል።

ተጎጂው ሲደርስ

የተከፋች ሄልሜት እውነተኛ ጥቅም የሚታየው ከአደጋው በኋላ ነው። አንድ ባለሙያ ከራስጌ ሆኖ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሲያጸና፣ ሌላው ቁልፉን ተጭኖ የአገጩን ክፍል ቢያነሣ ሄልሜቱ ሳይወልቅ አፍና አፍንጫ ይታያሉ። ደምና ትውከት መምጠጥ፣ መንጋጋን ወደ ፊት መግፋት፣ ኦክስጅን መስጠት ይቻላል። ሙሉ ሄልሜት ባደረገ ተጎጂ ላይ ይህን ለማድረግ አስቸጋሪ ነው።

ይህ ማለት ግን ሄልሜቱ እንዳለ ይቆይ ማለት አይደለም። በጀርባው የተኛ ሰው ሄልሜቱ እንዳለ ከሆነ የኋላው ውፍረት ራሱን ወደ ፊት ገፍቶ አንገቱን ያጎብጠዋል፤ የመተንፈሻ ቧንቧውም ይጠባል። ሄልሜቱን ለማውለቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መነጽር ካለ አስቀድሞ ይወጣል። ከራስጌ ያለው ሰው ሄልሜቱን በሁለት ጎን ይዞ ከአንገት መስመር ሳያዛንፍ ያቆያል፤ ሁለተኛው ማሰሪያውን ይፈታል ወይም በመቀስ ይቆርጣል፤ ከዚያም አንድ እጁን በመንጋጋው፣ ሌላውን ከማጅራቱ ሥር አድርጎ የራሱን ክብደት ይረከባል። ያኔ የመጀመሪያው ሰው የሄልሜቱን ጎኖች ወደ ውጭ እየለጠጠ ቀስ ብሎ ይስባል። ቅርፊቱ ማጅራቱን ለቆ ሲወጣ ራሱ ድንገት ወደ ኋላ እንዳይወድቅ የታችኛው እጅ አብሮ ወደ ላይ ይጠጋል። ሄልሜቱ ከወጣ በኋላ የራስጌው ሰው እንደገና ራሱን ተረክቦ የአንገት ድጋፍ እስኪደረግ ድረስ አይለቅም።

በተከፋች ሄልሜት ላይ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው የተከፈተውን የአገጭ ክፍል እንደ እጀታ ይዞ መሳብ ነው፤ ይህ አንገትን በማንሻ ኃይል ያጥፋል። ሁለተኛው ከግጭቱ የተነሣ የተጣመመውን መቆለፊያ ለመክፈት መታገል ነው። ቁልፉ በመጀመሪያ ሙከራ ካልታዘዘ እንደ ሙሉ ሄልሜት ቆጥሮ፣ የፊቱ ጠርዝ አፍንጫን እንዳይይዝ ወደ ኋላ ዘንበል እያደረጉ ማውለቅ ነው።

አገጩ ተከፍቶ ሳለ የወደቀ ነጂ የሚደርስበት ጉዳት የራሱ መልክ አለው። አገጭ ላይ ያረፈ ምት የማንዲብሉን መሐል ሰብሮ፣ በዚያው ጉልበት ሁለቱን ኮንዳይሎች ከጆሮ ፊት ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ አገጩ ላይ ትንሽ የቆዳ መሰንጠቅ ብቻ ያለውን ሰው ሰፍቶ ከመሸኘት በፊት አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ጥርሶቹ እንደ ወትሮው መግጠማቸውን መጠየቅ፣ ከጆሮ ፊት መዳሰስ ያስፈልጋል። የማንዲብሉ ፊት በሁለት በኩል ከተሰበረ ምላስ መደገፊያ አጥቶ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ እንዲህ ያለው ሰው በጀርባው ሲያስተኙት ሊታፈን ይችላል፤ የተሰበረውን ክፍል ወይም ምላሱን ወደ ፊት መሳብ ሕይወት ያድናል። ጉልበቱ በኮንዳይሎቹ በኩል ወደ ቴምፖራል አጥንት ተላልፎ የራስ ቅልን መሠረትም ሊሰነጥቅ ይችላል። ከጆሮ የሚወጣ ደም ወይም ንጹሕ ፈሳሽ፣ ከጆሮ ኋላ ወይም በዓይን ዙሪያ የሚታይ ጥቁረት ሲኖር በአፍንጫ በኩል ምንም ዓይነት ቱቦ አይገባም፤ ካስፈለገ በአፍ በኩል ነው።

ለይፋት ቆላ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ ሪፈር ማድረግ ማለት ሽቅብ መውጣት ማለት ነው። ከአሊዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው አምቡላንስ የአንኮበርን ዳገት ይወጣል፤ ከሸዋ ሮቢት የሚነሣው ደግሞ በደብረ ሲና በኩል የጣርማበርን ዋሻ ያልፋል። በመንገዱ ከፍተኛ ስፍራዎች፣ 3,000 ሜትር በሚሆን ከፍታ፣ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 70 በመቶ ያህል ይወርዳል። ለተጎዳ አንጎል የኦክስጅን ማነስና የደም ግፊት መውረድ የሞትን ዕድል በእጅጉ የሚጨምሩ መሆናቸው የታወቀ ነው። በታች በመደበኛ አየር 93 በመቶ ሳቹሬሽን የነበረው ተጎጂ ከላይ ከ90 በታች ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ ሲሊንደሩ ለዳገቱ የሚበቃ መሆኑን ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ይገባል። የግላስጎ ኮማ ስኬሉም ሲነሡና በየመሐሉ ከሰዓቱ ጋር ይጻፍ።

የመዝገቡ ነገር

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሞቱት ከ27,000 በላይ እንደሆኑ ገምቷል፤ ከአገሪቱ ተመዝግቦ የቀረበለት ቁጥር ግን ከ5,000 ያነሰ ነበር። ሞት እንኳ እንዲህ ሲጎድል የሄልሜት ዓይነትና አደራረግ በመዝገብ መገኘቱ የሚጠበቅ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በካርዱ ላይ ‹‹ሄልሜት አድርጓል›› ወይም ‹‹አላደረገም›› ተብሎ ይታለፋል። በግንባሩ ላይ ከፍቶት የነበረውም፣ ማሰሪያውን ሳያስር የወደቀውም፣ በደንብ ዘግቶ የቆለፈውም ‹‹አድርጓል›› በሚለው አንድ ቃል ሥር ይገባሉ። ከዚያም የተጎጂዎቹ ውጤት ሲታይ ሄልሜት ያልጠቀመ ይመስላል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ቅጽ አያስፈልግም። ተጎጂውን ያመጣውን ሰው ወይም ተጎጂውን ራሱን ሄልሜቱ ምን ዓይነት እንደነበር፣ የአገጩ ክፍል ተዘግቶ ወይም ተከፍቶ እንደነበር፣ ማሰሪያው ታስሮ እንደነበርና ሄልሜቱ ከራሱ ላይ ወልቆ እንደነበር ጠይቆ በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ሄልሜቱ ራሱም ብዙ ይናገራል፤ ጭረቱ የት እንደሆነ፣ መንጠቆዎቹ ተሰብረው ወይም ደኅና ሆነው እንደሆነ፣ በማሰሪያው ላይ የትኛው ፊደል እንዳለ ይታያል። ስለዚህ ደም ነክቶታል ተብሎ አይጣል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ የታካሚው ካርድ ቁጥር ተጽፎበት በአምቡላንሱ አብሮት ይላክ። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚቀበለው ሐኪም ጭረቱ በአገጩ ክፍል ውጫዊ ፊት ላይ ወይም በፎሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ መሆኑን ሲያይ፣ የኮንዳይሎቹንና የራስ ቅሉን መሠረት ቀድሞ ለመመርመር ምክንያት ያገኛል።